የከብት ሐኪሙ ያወቀልኝ ትኩሳት

የሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ መታመሙን የሚያውቀው ሦስተኛው ዙር ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ጉጉት ይሮጥለታል፤ ሁለተኛውን ልምምዱ ይሸከምለታል። ሦስተኛው ላይ ግን በሰውነቱ ውስጥ ያለው ብቻ ነው የሚወጣው። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ወደ ቶኪዮ ኦሎምፒክ የሚሄዱት ሊመረጡ ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ስደርስ የሚወጣ ነገር አጣሁ።

ይህን የምጽፈው የሕመሙ ስም ጠፍቶበት ከሐኪም ሐኪም ለሚንከራተት ሰው ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ታሪኩን ማውራት ደስ ስለሚለኝ ነው። ሳስታውሰው ካዘንኩበት የሳቅሁበት ይበዛል።

ያን ጊዜ አስመራ፣ ጸጸራት ሰፈር፣ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ሞቷል። ቀን ቀን በአንድ ጋራዥ ማኪና እጠግናለሁ፤ ማለዳና ማታ እሮጣለሁ። የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ፈርሶ አማርኛ የመሥሪያ ቤቱም የስፖርቱም ቋንቋ ሲሆን፣ እኔ ከትምህርት ቤት የያዝኳትን ያህል ይዤ ገባሁበት። አሠልጣኜ መቶ አለቃ ጌታሁን ከሸዋ የመጡ የጦር መኮንን ነበሩ። በኔ አማርኛ ይስቃሉ፣ እኔም በሳቸው ትግርኛ። አስመራ የብስክሌት ከተማ ስለሆነች በእግሩ የሚሮጥ ጎልማሳ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ዞር ይላል። ፌርማታ ላይ የቆሙት ሳልፍ፣ «መን እዩ ዘባርሮ ዘሎ?» ማን እያባረረው ነው? እያሉ ይሳሳቁብኝ ነበር።

በየማለዳው ከከተማው ወጣ እስካለችው መንደር፣ እስከ ዓዲ ጓዕዳድ፣ ሮጬ እመለሳለሁ። እዚያ የአባቴ እህት፣ አሞይ ለተብርሃን፣ ዘጠኝ ፍየሎች አሏት። አሞይ ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት፤ ከአባቴ የቀረኋት እኔ ብቻ ነኝ። ስደርስ በጣሳ ወተት ይዛ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ገና ከጡት የወጣ፣ አረፋው ያልሰከነ ወተት ነው።

«ስተ፣ ወዲ ሐወይ» ትለኛለች፤ ጠጣ የወንድሜ ልጅ ማለቷ ነው። ጨልጬ እስክጠጣ ዓይኗን ከኔ ላይ አትነቅልም።

መቶ አለቃም ወተቱን ያውቁ ነበር። «ጠጣ! ጉልበት ነው» ይሉኛል። አንድም ቀን አላጓደልኩም።

ሕመሙ ሲጀምር ሕመም አይመስልም ነበር። ከሰዓት በኋላ ይበርደኛል፤ ጋራዥ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ካፖርት እደርባለሁ። ማታ ያልበኛል፣ አንሶላዬ ይጨመቃል። ጠዋት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው እነሣለሁ። ቀጥሎ ወገቤን፣ ከዚያም የግራ ዳሌዬን ይወጋኝ ጀመር። የልምምድ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሯጭ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሕመምን ሁሉ ከልምምድ ይቆጥረዋል።

የጠቅላይ ግዛቱ ማጣሪያ በአስመራ ስታዲየም ተደረገ። ሁለት ዙር መራሁ። ሦስተኛው ላይ እግሬ ሌላ ሰው ሆነ። አንድ በአንድ አለፉኝ፤ የመጨረሻው የቀደመኝ ልጅ በልምምድ እንኳ ቀድሞኝ የማያውቅ ነበር። ጨርሼ መሬት ላይ ስቀመጥ መቶ አለቃ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ምን ሆንክ?»

«እግሬ አልታዘዝ አለኝ፣ ጌታዬ።»

«እግርህ አይደለም፤ ልብህ ነው እንቢ ያለው። ቶኪዮ ሳትደርስ ጠገብክ» አሉኝና ሄዱ። ከሕመሙ ሁሉ ይልቅ ያ ቃል ነው ያመመኝ።

እናቴ እጄን ይዛ ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ወሰደችኝ። ድሬሰሩ፣ «ምጽዋ ወርደህ ነበር?» አለኝ።

«እወ፣ ከአምስት ወር በፊት፣ ለውድድር።»

«ወባ ነው» አለና ኪኒን ሰጠኝ። እንዲህ ያለ መራራ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ጠፋ፤ እናቴም ለድሬሰሩ ዶሮ ወሰደችለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ፤ ዶሮዋ ግን አልተመለሰችም። በኋላ እንደገባኝ ያሻለኝ ኪኒኑ አልነበረም። በሽታው ራሱ እንዲህ ነው፤ ይሄዳል፣ ያዘናጋል፣ ይመለሳል።

ሁለተኛው ሐኪም የግል ክሊኒክ የነበራቸው ትልቅ ሰው ናቸው። የእጄን ምት እየቆጠሩ ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ።

«አርባ ሁለት! ልጄ፣ ልብህ ሊቆም ነው!»

«ሯጭ ነኝ ዶክተር፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው።»

«እንግዲህ ሩጫው ነው ልብህን የጎዳው። ከዛሬ ጀምሮ ደረጃ እንኳ ቀስ ብለህ ውጣ» አሉኝ። ለሁለት ሳምንት እንደ አረጋዊ እየተራመድኩ ኖርኩ። ትኩሳቱ ግን ለልቤ ማረፍ ግድ አልሰጠውም።

እየከሳሁ ስሄድ ሦስተኛው ሐኪም የሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ ጠረጠረ። ቃሉን ቀስ ብሎ ለእናቴ ነበር የነገራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔን ብርጭቆ ለብቻው ስታጥብ አየኋት። የማላያት እየመሰላት ነበር የምታጥበው፤ ያየኋት በበሩ ስንጥቅ ነው። ያን ሌሊት በላብ ተጠምቄ ተኝቼ፣ የሷን ለቅሶ ከግድግዳው ማዶ እየሰማሁ፣ እሷም የኔን ሳል ለመስማት ጆሮዋን እንደጣለች እያወቅሁ፣ ሳል እንኳ እንደሌለኝ ጮኼ ልነግራት ፈለግሁ። በእውነትም አልስልም ነበር።

ለራጅ ወደ ሆስፒታል ሄድን። በዚያ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ የተቀመጥኩትን ያህል በሕይወቴ የትም አልተቀመጥኩም። አንድ ቀን አጠገቤ አንዲት የወታደር ባለቤት ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ይመኙሻል ይባላሉ፣ የጎጃም ሰው። ዘበኛው በትግርኛ ይጮኽባቸዋል፣ እሳቸው በአማርኛ ይመልሱለታል፣ ሁለቱም አይግባቡም።

«ምንድን ነው የሚለኝ፣ ልጄ?»

«ካርድዎን ያሳዩኝ ነው የሚልዎ፣ እናቴ።»

«ታዲያ እንዲህ አይልም!» ብለው ከመቀነታቸው አወጡለት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አስተርጓሚያቸው ሆንኩ። ከቋጠሩት ቆሎ አካፈሉኝ። ሕመሜን ስነግራቸው ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ሰሙኝ። «አይዞህ። ስም የሌለው በሽታ የለም። ስሙን የሚያውቀው ሰው ጋ እስክትደርስ ነው» አሉኝ። ራጁ ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ሳንባዬ ንጹሕ ነው ተባለ። እናቴ በእልልታ አግዳሚው ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ አስደነገጠች። ትኩሳቱ ግን ያን ዕለትም ከሰዓት በኋላ በሰዓቱ መጣ።

ስሙን የሚያውቀው ሰው ወደ ጋራዣችን ማኪናውን እየገፋ መጣ። አንድ ሽማግሌ ጣልያን ናቸው፤ ወገባቸው ጎበጥ ያለ፣ ኪሳቸው በገመድና በመድኃኒት የተሞላ። የከብት ሐኪም ስለሆኑ ሁላችንም ዶቶሬ እንላቸዋለን። ትግርኛቸው ከመቶ አለቃ ይሻላል። ሞተሩን ልከፍትላቸው ጎንበስ ስል ዳሌዬ ያዘኝና ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ግንባሬ ላይ ግን ላብ አለ።

ዶቶሬ ማኪናቸውን ትተው እኔን ያዩ ጀመር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአራት ወር በላይ ሆነው።»

«ትኩሳቱ ይሄዳል፣ ይመጣል? ወገብ? ዳሌ? ማታ ላብ?»

«እወ። እንዴት አወቁ?»

ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። «ወተት ትጠጣለህ? የማን ወተት?»

«የአክስቴ ፍየሎች።»

«ተፈልቶ?»

ሳቅሁ። «ትኩስ ወተት ደግሞ ምን ያፈሉታል፣ ዶቶሬ?»

እሳቸው አልሳቁም። «ባለፈው ዓመት ከፍየሎቹ መካከል ግልገሏን ያለ ጊዜዋ የጣለች ነበረች?»

አሰብኩ። ሦስቱ ጥለው ነበር፤ አሞይ ቡዳ ነው ብላ ዛፍ ሥር ቀብራቸዋለች። ይህን ስነግራቸው ቀስ ብለው ዞሩና የጎበጠ ጀርባቸውን በአውራ ጣታቸው አሳዩኝ።

«ይህን ያጎበጠው ዕድሜ እንዳይመስልህ። እኔም ታምሜበታለሁ፤ በሥራዬ፣ ከላሞች። ፌብሬ ማልተዘ፣ የማልታ ትኩሳት ይሉታል። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። የሰው ሐኪሞች እስኪያውቁልኝ አንድ ዓመት ፈጀ። አንተ ዕድለኛ ነህ፤ ማኪናዬ ተበላሸ።»

በማኪና ክፍል መጠቅለያ ወረቀት ላይ በጣልያንኛ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ይዤው ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ተረኛው ዶክተር አንብቦ ቀና አለ።

«የከብት ሐኪም ነው ወደዚህ የላከህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ምን ብሎ ነው፣ በሬ ነው ብሎ?»

እሱም ሳቀ፣ ነርሷም ሳቀች፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ግን መልካም ሰው ነበር፤ እየሳቀ ደሜን አስቀዳ። ከአራት ቀን በኋላ ስመለስ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ። «ለዚያ ለከብት ሐኪም ሰላምታ አቅርብልኝ። ልክ ነው» አለኝ። በሽታው ስም እንዳለው፣ መድኃኒትም እንዳለው፣ በመርፌና በኪኒን ከስድስት ሳምንት በኋላ ልድን እንደምችል ነገረኝ። ከዚያ ክፍል ስወጣ ገና ትኩሳት ላይ ነበርኩ። ግን በኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሰላምታ እየሰጠሁ ሄድኩ። ሰው የሚድን በሽታ እንደያዘው ሲነገረው እንዲህ ይደሰታል ብሎ ማን ያምናል?

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ግን ደስታዋ አንድ ደቂቃ አልቆየም።

«ወተቱ? የለተብርሃን ወተት?»

«አላወቀችም እኮ፣ አደይ።»

«ልጄን በገዛ እጇ መርዝ ስታጠጣው ከረመች!» ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። የእናቴና የአሞይ ነገር ድሮም በአባቴ ምክንያት የሻከረ ነበር። እያነከስኩ ተከተልኳት። በአውቶቡሱ ውስጥ ምን እንደምትላት እያጠናች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ዓዲ ጓዕዳድ ስንደርስ አሞይ በር ላይ አልነበረችም። ቦታውን ነግሬያቸው ስለነበር ዶቶሬ ቀድመው መጥተው ኖሯል፤ ፍየሎቹን መርምረው ነገሩን ነግረዋታል። ጣሳው ደጃፉ ላይ ተደፍቷል። እሷ ውስጥ መደብ ላይ ተጋድማ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

እናቴ ያጠናችውን ልትጀምር አፏን ስትከፍት አሞይ ቀደመቻት። «ምቱኝ። የወንድሜን ልጅ ገደልኩት።»

«ሞቷል እንዴ? ይኸው ቆሟል!» አለች እናቴ በቁጣ። «ተነሺ!»

«መነሣት አልችልም።»

«ምን ሆንሽ?»

«ጉልበቴ ነው። ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ብርድ ይይዘኛል፣ ከዚያ ጉልበቴ አይዘረጋም። እርጅና ነው ብዬ ለማንም አልነገርኩም።»

እናቴና እኔ ተያየን። እሷም ታማለች! ያንኑ በሽታ፣ ከኔ በፊት ጀምሮ፣ ብቻዋን። በየማለዳው ጣሳውን ይዛ በር ላይ ስትቆምልኝ በዚያ ጉልበት ነበር የምትቆመው።

እናቴ ነጠላዋን በወገቧ ጠበቅ አድርጋ አሠረችና ጎንበስ አለች። «ነዒ፣ ትከሻዬን ያዢ» አለቻት። ልረዳ ብጠጋ፣ «አንተ ራስህን ቻል» ብላ ገፋችኝ። ደግፋ እስከ አውቶቡሱ ወሰደቻት። መንገድ ላይ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ እናቴ ግን እያለቀሰችም መቆጣቷን አላቆመችም።

ከዘጠኙ ፍየሎች አራቱ ታመው ተገኙ፤ ዶቶሬ አስወግደው በጥልቅ አስቀበሯቸው። አሞይ አለቀሰች፣ ግን አልተከራከረችም። እሷም ደሟ ተመርምሮ ያው ሲገኝ መኖሪያዋ ጸጸራት እኛ ቤት ሆነ። በየቀኑ ጠዋት እኔና አሞይ በዚያው አግዳሚ ላይ ተራችንን ጠብቀን፣ ተከታትለን መርፌ እንወጋለን። መርፌው ያማል። የመጀመሪያው ቀን እኔ ጮህኩ፤ አሞይ ትንፍሽ አላለችም።

«ሯጩ ይጮኻል፣ አሮጊቷ ዝም!» አለች ነርሷ።

«ወንድ ስለሆነ ነው» አለቻት አሞይ። ነርሷ መርፌዋን ይዛ ስትስቅ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ እባክሽ አሁን አትሳቂ ብዬ ለመንኳት። ከዚያ በኋላ ማን ፊቱን ሳያኮሳትር ይወጋል ብለን ውድድር ያዝን። በስድስቱ ሳምንታት አንድ ቀን እንኳ አላሸነፍኳትም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ቆየሁ። ትኩሳቱ የሚመጣበት ሰዓት ደርሷል። ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ሻሂ አዘዝኩ፤ አልመጣም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም አልመጣም። አሞይ በአምስተኛው ሳምንት ምርኩዟን ቤት ረስታ ሆስፒታል ደረሰች። ምርኩዝ እንደረሳች ያወቀችው አግዳሚው ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም ያለ ምክንያት እንደሚስቁ ሰዎች ሳቅን።

የቶኪዮው ቡድን ያለ እኔ ሄደ። ዜናውን ከጋራዡ ሬዲዮ ሰማሁ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን ሰውነቴ ሲመለስልኝ ከሚሰማኝ ደስታ ጋር ሲተያይ ቅሬታው ትንሽ ነበር። ከቀናት በኋላ መቶ አለቃ ጌታሁን ቤታችን መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በራፉ ላይ ቆሙ።

«ዶክተሩን አነጋገርኩት» አሉ። «በዚያ ትኩሳት ሁለት ዙር መምራትህ ራሱ ተአምር ነው አለኝ። ልብህን ሰድቤዋለሁ። ይቅር በለኝ፣ ክፍሎም።»

ወጣት ነበርኩ፣ እሳቸው መኮንን ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአለቃ አፍ ሰምቼ አላውቅም። «የቐንየለይ» አልኩ በትግርኛ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። አማርኛው በዚያች ደቂቃ አልመጣልኝም።

ልምምድ ስጀምር ዶክተሩ ብቻዬን እንዳልሮጥ ስላዘዘ፣ መቶ አለቃ ብስክሌት ተውሰው አጠገቤ ይሄዱ ጀመር። ብስክሌት አይችሉም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ወደቁ። የጸጸራት ሕፃናት ሊያዩን ማልደው ይወጣሉ፤ ቀስ ብሎ የሚሮጥ ከሲታና ከብስክሌት ላይ የሚወድቅ መኮንን። «ወደ ግራ፣ ጌታዬ!» እላለሁ፤ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፣ ቁልቋል ውስጥ ይገባሉ። እሾሁን ከሱሪያቸው እየለቀምኩ ስቄ ስቄ መሮጥ አቃተኝ። ወር ሲሞላ እሳቸው ብስክሌት ቻሉ፣ እኔም ሩጫ።

እንግዲህ ይህን ለምታነቡ አንድ ነገር ልናገር። ወተት አፍሉ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ የሚያማችሁን ብቻ አትንገሩ፤ ምን እንደምትጠጡ፣ በረታችሁ ውስጥ ምን እንደደረሰም ንገሩ። ቤታችሁ ውስጥ ሕመሙን እርጅና ነው ብሎ የተወ ሰው ካለ ደግሞ ይዛችሁት ሂዱ። የኔ አክስት ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በሁለት እግሯ ሄዳለች።

ከአራት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ምርጫ ሁለተኛ ወጣሁና ሜክሲኮ ሄድኩ። ሜክሲኮ ከተማ ከፍታዋ ከአስመራ አይተናነስም። ከቆላ አገር የመጡት ሯጮች አየር አጠረን እያሉ ሲጨነቁ፣ እኔ ከአውሮፕላን ወርጄ እንደ ቤቴ ተነፈስኩ። በማጣሪያው ስምንተኛ ወጣሁ። ለሚቀጥለው ዙር አላለፍኩም፤ ግን ከዚያ በፊት ሮጬ በማላውቀው ፍጥነት ነበር የሮጥኩት፣ ከዚያ በኋላም ያንን አልደገምኩትም። ጨርሼ ሣሩ ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ሰማዩ ሰማያዊ ነበር፣ ዳሌዬ አልወጋኝም፣ ላቤም የሩጫ ላብ ብቻ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ከእንባው ጋር ሳቁም መጣ።

ሁለት ነጭ የለበሱ ሰዎች ቃሬዛና የአየር ጠርሙስ ይዘው ሲሮጡ አየሁ። ያን ቀን ብዙ ሯጭ አንሥተዋል። አጠገቤ ተንበርክከው ጭምብሉን አፌ ላይ ሊያደርጉ ሲሉ እጄን አወናጨፍኩ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ የጋራዥ ጣልያንኛዬ ግን ለሱ ቀረብ ይላል።

«ሳኖ!» አልኳቸው። «ሳኖ! ሳኖ!» ጤነኛ ነኝ።

አላመኑኝም። አንደኛው እግሬን፣ ሁለተኛው ብብቴን ይዘው ቃሬዛው ላይ ጫኑኝና ተነሡ። ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ ዘልዬ ወረድኩና ባዶ ቃሬዛቸውን ይዘው እንደቆሙ፣ በሣሩ ጠርዝ ላይ፣ ቀስ እያልኩ፣ አንድ ዙር ሮጥኩላቸው።